በረኪና በመዝገብ ሲፈለግ

የበረኪና ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የሻጩ ቃል ነው። ከዚያ አልፎ ማወቅ የፈለገ ሰው የሄልሲንኪውን የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ መዝገብ በነጻ መፈተሽ ይችላል። ስሙን ትቶ መለያ ቁጥሩን መያዝ ይሻላል፤ ስም አሥር ዓይነት ነው፣ የበረኪናው ንጥረ ነገር የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ቁጥር ግን ያው 7681-52-9 ነው።

መጀመሪያ የሚለየው የአደጋ ምደባው አምራቾች በየራሳቸው ያሳወቁት ነው ወይስ በሕግ የጸና የሚለው ነው። አምራቾች ለአንዱ ኬሚካል የማይገጣጠም ምደባ ማስገባታቸው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአውሮፓ ደንብ ስድስተኛ አባሪ ላይ የሰፈረው ግን አስገዳጅ ነው።

እኔ ደግሞ የምወደው የአደጋ መግለጫ ኮዶቹን ድርቅ ያለ አጻጻፍ ነው። ኤች 314፦ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንንም ይጎዳል። ኤች 400፦ ውኃ ውስጥ ላለ ሕይወት እጅግ መርዛማ ነው። ኢዩኤች 031፦ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ሽንት ቤት ሲያጥብ በረኪናና አሲድ ደርቦ ለሚያፈስ ሰው (ስንቱ ነው!) ከዚህች መስመር የሚበልጥ ምክር አላውቅም። ብቻ ምደባው እንደ ብጥብጡ ጥንካሬ ይለያያል፤ የጋዙ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው አክቲቭ ክሎሪኑ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።