ረሃብን የሣሉ፣ ረሃብን የመዘገቡ፦ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት የሆኑ መዛግብት

እ.ኤ.አ. በ1985 መገባደጃ ማርቭል ኮሚክስ «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የተባለች መጽሔት ለገበያ አቀረበ። ገቢዋ በረሃብ ለተጎዱ አፍሪካውያን እንዲውል የታሰበ ነበር። በታሪኩ ኤክስ-ሜን የሚባሉት ጀግኖች አንድ በአንድ በቅዠት ይጠቃሉ፤ ኋላም አፍሪካ ድረስ ዘልቀው በሰው ተስፋ መቁረጥ ከሚፋፋ ስውር ኃይል ጋር ይገጥማሉ። ስቲቨን ኪንግ ጽፎ በርኒ ራይትሰን በሣላቸው ገጾች ላይ ኪቲ ፕራይድ የተባለችው ወጣት ጀግና አጥንቷ እስኪቆጠር ትመነምናለች፤ የቀረበላት ምግብ ዓይኗ እያየ ይበሰብሳል።

ለአማርኛ አንባቢ እነዚህ ገጾች የ77ቱን ድርቅ ያስታውሳሉ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ዓለም ደነገጠ፤ በቀጣዩ ሐምሌ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተካሄደ፤ የኮሚክስ ባለሙያዎችም በብዕራቸውና በብሩሻቸው የእርዳታው ተካፋይ ሆኑ። ዜናው ሥዕል ወለደ፣ ሥዕሉም የእርዳታ ገንዘብ። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ገንዘቡን ይቀበላል ተብሎ የታሰበው ኦክስፋም አሜሪካ ይዘቱን አይቶ እጁን ሰበሰበ፤ ገቢው ኩዌከር ወደሚባሉት ክርስቲያኖች የእርዳታ ድርጅት፣ ወደ አሜሪካን ፍሬንድስ ሰርቪስ ኮሚቴ ሄደ።

መጽሔቷን ካሰናዱት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1991 የኤክስ-ሜንን ታሪክ የጻፈው ክሪስ ክሌርሞንት ይገኝበታል። ክሌርሞንት እ.ኤ.አ. በ2011 የሥራ ዘመኑን ወረቀቶች ኒው ዮርክ ለሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ወረቀቶቹ ያረፉት በበትለር ቤተ መጻሕፍት ስድስተኛ ፎቅ፣ የብርቅዬ መጻሕፍትና የጽሑፍ ቅርሶች ክፍል ውስጥ ነው። ጎረቤቶቻቸው እነማን እንደሆኑ ማየት ተገቢ ነው። በአንድ ወገን የጆሴፍ ፑሊትዘርና የጋዜጣው የ«ዘ ወርልድ» መዛግብት አሉ። በሌላው ወገን የሂዩማን ራይትስ ዎች እና የአምነስቲ ኢንተርናሽናል የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሰነዶች ተቀምጠዋል።

ይህ ጉርብትና የአጋጣሚ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጥልቅ ነው። የአሜሪካ ኮሚክስ ያደገው በጋዜጣ ቤት ነው። ሪቻርድ አውትኮልት የሣለው ረጅም ቢጫ ቀሚስ የለበሰ የድሃ ሰፈር ልጅ በ1895 በፑሊትዘር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አንባቢን ማረከ፤ በዓመቱ ተፎካካሪው የጋዜጣ ባለቤት ኸርስት ሠዓሊውን በገንዘብ ወሰደው። በሁለቱ ጋዜጦች ፉክክር ጊዜ ስሜት ቀስቃሽ ዘገባ «ቢጫ ጋዜጠኝነት» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም ከዚያው ልጅ ቀሚስ ጋር ይያያዛል። ያው ፑሊትዘር በኑዛዜው የተወው ገንዘብ የኮሎምቢያን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1912 ተከፈተ።

ኮሚክስን፣ ጋዜጠኝነትንና ሰብአዊ መብትን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት የሚሻ እዚያው ያሉትን የጄሪ ሮቢንሰንን ሣጥኖች ይክፈት። ሮቢንሰን ገና የኮሎምቢያ የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለ ነበር ለባትማን መሣል የጀመረው፤ በ1940 ብቅ ካለው የጆከር ገጸ ባሕርይ ፈጣሪዎችም አንዱ ነው። ኋላ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ሆነ። የአሜሪካን የካርቱን ሠዓሊዎች ማኅበርም የርዕሰ አንቀጽ ካርቱን ሠዓሊዎችን ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሲገልና ሹስተር በእርጅናቸው ተዘንግተው ሳለ በ1975 ስማቸውና ጡረታቸው እንዲከበር ከተሟገቱት ዋነኞች አንዱ እርሱ ነበር። በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ኡራጓይ ውስጥ የታሰረ ካርቱኒስት እንዲፈታም ተሟግቷል። የዚህን ሰው ወረቀት «ኮሚክስ» በሚል አንድ ቃል ማጠር ግማሽ ሕይወቱን መደበቅ ይሆናል።

ለኢትዮጵያ ታሪክ አጥኚ ግን የሣጥኖቹ ጉርብትና ሌላ ክብደት አለው። የሂዩማን ራይትስ ዎች የአፍሪካ ክፍል የነበረው አፍሪካ ዎች፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 1991 እ.ኤ.አ. «ኢቪል ደይስ» የተባለ ሰፊ ዘገባ አወጣ፤ «ክፉ ቀናት» እንደ ማለት ነው። ዘገባው ረሃቡን በዝናብ መጥፋት ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል ተከራከረ። የገበያዎች በአውሮፕላን መደብደብ፣ የሰውና የእህል ዝውውር መታገድ፣ በትግራይና በወሎ የተካሄደው ፀረ ሽምቅ ዘመቻ ድርቁን ወደ እልቂት እንደቀየሩት በዝርዝር አቀረበ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። በኮሚክሱ ረሃብ ፊት የሌለው፣ ከሰው ዓለም ውጭ የሆነ ጭራቅ ነው፤ ማንም አይከሰስም፣ አንባቢም ገንዘቡን ሰጥቶ እፎይ ይላል። በዘገባው ረሃብ ትእዛዝ የሰጠ ሰው፣ የተዘጋ መንገድ፣ የተቃጠለ ገበያ አለው። ኮሚክሱ የብዙዎችን ልብ በፍጥነት ነካ፤ ምክንያቱን ግን ሸፈነ። ዘገባው ምክንያቱን ገለጠ፤ የደረሰው ግን ሰዎቹ ካለቁ ከዓመታት በኋላ ነው። ርኅራኄና ማስረጃ እንዴት እንደሚለያዩ፣ እንዴትስ እንደሚደጋገፉ ለማጥናት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የቤተ መዛግብቱ አሠራር መነሳት አለበት። የሙያው ደንብ የእያንዳንዱ ለጋሽ ወረቀት ከሌላው ሳይቀላቀል እንዲቀመጥ ያዛል፤ ደንቡም ትክክል ነው፣ የሰነዱን አመጣጥ ይጠብቃልና። ነገር ግን የሠዓሊው ወረቀቶች ዝርዝር ስለ ድርጅቱ፣ የድርጅቱም ሰነዶች ዝርዝር ስለ ሠዓሊው አይናገርም። አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ወረቀቶች የሚገናኙት ጥያቄ ይዞ በሚመጣ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ለምስክሮች ደኅንነት ሲባል ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የሚቆዩ የሰብአዊ መብት ሰነዶች መኖራቸውም ሥራውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ያደርገዋል።

ሌላው ችግር ርቀት ነው። ስለ ወሎና ስለ ትግራይ የተሰበሰበው ቃል ኒው ዮርክ ተቀምጧል፤ ቃሉን የሰጡት ወገኖች ልጆች ግን ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ኃላፊነቱ በቅርብ ባሉት ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩና የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን ሣጥኖች ሊከፍቱ፣ ያገኙትንም በአማርኛና በትግርኛ ሊጽፉ ይገባል። የንባብ ክፍሉ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎችም ክፍት ነው።