ዘር ቆጠራና የዲ ኤን ኤ ምርመራ፤ ከእስቴ ልማድ አንጻር የቀረበ ሂስ

አንድ ወጣት «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን ስም ብቻ ጠርቶ ዝም ቢል፣ በእስቴ ሽማግሌዎች ዘንድ መልሱን ጀመረ እንጂ ጨረሰ አይባልም። በቀድሞው ቤጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ በደቡብ ጎንደር በሚገኘው በዚህ አገር፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ አንሥቶ እስከ አባይ ቆላ ድረስ፣ ሰው የሚታወቀው በአባቱም በእናቱም ወገን ወደ ላይ በሚቆጠረው ትውልዱ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ሌላ መንገድ መጥቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ምራቃቸውን በብልቃጥ አድርገው ለአንድ ኩባንያ ይልካሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ስለ ዘራቸው በመቶኛ የተከፋፈለ መልስ ይደርሳቸዋል። ከዚህ የተነሣ «እንግዲህ ሽማግሌ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ላብራቶሪው ሁሉን ይነግረናል» የሚል አሳብ በተማሪዎች መካከል ይሰማል።

ይህ አነስተኛ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አሳብ ነው። ዓላማው አዲሱን ጥበብ ለማጣጣል፣ ወይም የአባቶችን ቃል ያለ ምርመራ ለማወደስ አይደለም። ሽማግሌውም ላብራቶሪውም የዘር ምስክሮች ናቸው። ምስክር ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

በመጀመሪያ ዘር ቆጠራ ለምን ያገለግል እንደ ነበረ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን እስከ ታወጀበት ጊዜ ድረስ፣ በቤጌምድርና በጎጃም ዋነኛው የገበሬ የመሬት ይዞታ ርስት ነበር። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ መስመርም ይውረድ በሴት፣ ድርሻዬን ብሎ የሚጠይቅበት ይዞታ ነው። ስለዚህ ባለ ጉዳዩ ከዋናው አባት እስከ ራሱ ያለውን መስመር ስም በስም መጥራት፣ ምስክር ማቆምና ከተከራካሪው ጋር መሟገት ነበረበት። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። ዘር መቁጠር የሚያውቅ ሽማግሌም በአገሩ እንደ መዝገብ ቤት ይታይ ነበር።

አሜሪካዊው የባህል አጥኚ አለን ሆበን ከአባይ ማዶ፣ በጎጃም ደጋ ዳሞት፣ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አማራ የመሬት ይዞታ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር የሚከተለው ነው፦ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ስለሚቆጥር ከብዙ ዋና አባቶች ይወለዳል፤ የሁሉንም ርስት ግን አይዝም። የትኛውን መስመር አንሥቶ እንደሚከራከር የሚወስነው ዕውቀቱ፣ ጉልበቱ፣ ደጋፊዎቹና የመኖሪያው ቦታ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ዘር ቆጠራ የኋላውን ብቻ የሚያሳይ መስተዋት አይደለም፤ ከብዙ እውነተኛ መስመሮች መካከል የሚጠቅመውን መርጦ የማቆም ሥራ ነው። ሙግት ባለበት ደግሞ ስም ይረሳል፣ ስም ይጨመራል።

ይህ ትችት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሙሉ አይመስለኝም። መጽሐፉ ስለ መሬት የተጻፈ እንደ መሆኑ መጠን ዘር ቆጠራን የሚያየው በይበልጥ በመሬት በኩል ነው። ርስት ከቀረ ግን ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ቆጠራው የመሬት መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከርስት ጋር አብሮ በጠፋ ነበር። ዳሩ ግን በእስቴም፣ በጋይንትም፣ በስማዳም ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አሁንም ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ ሰባት ቤት ያልራቀ እንዳይጋባ ነውና። መሬት የማያስገኝ ቆጠራ ሰውን ከጋብቻ የሚከለክል ከሆነ፣ ከጥቅም ሌላ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ይኸውም ማን ለማን ወገን እንደሆነ፣ ማን በማን ልቅሶ መቆም እንዳለበት፣ ማን ማንን ማግባት እንደማይገባው ነው።

ሁለተኛውን ምስክር ወደ መመርመር እንለፍ። የዲ ኤን ኤ የዘር ምርመራ በሦስት ዓይነት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞምን ይከተላል። ሁለተኛው ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ የሚሄደውንና በሴቶች ልጆች በኩል ብቻ የሚቀጥለውን የማይቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ይከተላል። ሦስተኛው ከሁለቱም ወላጆች ተቀላቅሎ የሚመጣውን የቀረውን ክፍል ይመለከታል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስላት ይጠቅማል። ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ከእነዚህ ከ128ቱ የሚያገኘው አንዱን፣ ማለት የአባት አባት እየተባለ የሚሄደውን ብቻ ነው። የማይቶኮንድሪያው ምርመራም በእናት እናት በኩል እንዲሁ አንዷን ብቻ ያገኛል። የቀሩት 126ቱ ለሁለቱም አይታዩም። በርስት ሙግት ግን ባለ ጉዳዩ ከአባቱ ወደ አያቱ እናት፣ ከእርሷ ወደ አባቷ እያለ መስመሩን ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ ያሻግር ነበር። እንዲህ ያለውን መስመር ሁለቱ ምርመራዎች ሊከተሉት አይችሉም።

ሦስተኛው ምርመራ የተሻለ ይመስላል፤ እርሱም ቢሆን ወሰን አለው። አቆጣጠሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ወንድማማቾችን አንድ ቤት፣ የወንድማማች ልጆችን ሁለት ቤት ብለን እንቁጠር። ምርመራው እስከ ሦስት ቤት ያለውን ዝምድና ሳይስት ያገኛል ለማለት ይቻላል። በአራተኛው ቤት ከመቶ ዘጠና ያህሉን፣ በአምስተኛው ግማሽ ያህሉን ያገኛል፤ በሰባተኛው ቤት ግን ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው። ምክንያቱም ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ከያዘው ግማሹን ስለሆነ፣ የሩቁ አያት ድርሻ በየትውልዱ እየተቈራረሰ ሄዶ ከሁለቱ ዘመዳሞች በአንዱ ወይም በሁለቱም ዘንድ ይጠፋል። ወደ አሥረኛው ትውልድ ስንወጣ በቆጠራ 1,024 አያቶች አሉን፤ ከእነዚህ መካከል ዲ ኤን ኤያቸው በእኛ ውስጥ የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት እውነተኛ አያቶቻችን ናቸው፤ ያለ እነርሱ አንወለድም ነበር፤ በምራቃችን ውስጥ ግን ምንም ምልክት አልተዉም።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሽማግሌዎቻችን የጋብቻ ወሰን አድርገው ያቆሙት ሰባተኛው ቤት፣ ላብራቶሪው ዝም ማለት የሚጀምርበት ስፍራ ነው። ስለዚህ «ዝምድናችሁ በምርመራ አልተገኘም» የሚል መልስ «ዝምድና የላችሁም» ማለት አይደለም። ሽማግሌው ስም ጠርቶ የሚያስረዳውን ዝምድና ምርመራው ስላላገኘው ብቻ ውሸት ነው ብሎ መፍረድ የሒሳቡን ጠባይ አለማወቅ ነው።

በመቶኛ የሚሰጠውም መልስ እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ኩባንያው የሚያነጻጽረው ዛሬ በሕይወት ካሉና በመዝገቡ ካስገባቸው ሰዎች ጋር ነው፤ መዝገቡ ሲሻሻል የአንዱ ሰው መቶኛ ይለወጣል፣ ደሙ ግን አልተለወጠም። ከዚህ የላቀ ጥናት ሎፔዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከ1,200 በላይ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የዘር ቅርበት ከአሰፋፈር፣ ከቋንቋ፣ ከሃይማኖትና ከባህል ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ጥናቱ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሕዝቦች አማካይ ጠባይ ነው፤ የአንድ የእስቴ ገበሬ ሰባተኛ አያት ማን እንደ ነበሩ ሊነግረን አልተዘጋጀም፣ ይህን እችላለሁም አላለም። ስሕተቱ የሚመጣው አንባቢ ለሕዝብ የተባለውን ለቤተ ሰብ ሲያደርገው ነው።

የዲ ኤን ኤ ውጤት እንዴት በችኮላ ሊተረጐም እንደሚችል ከደቡብ ኦሞ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በአሪ ሕዝብ መካከል ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይጋቡም። ቀደም ያሉ ምርመራዎች በዲ ኤን ኤያቸው መካከል ልዩነት ስላሳዩ፣ ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ በፊት በአገሩ የኖረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚለው አሳብ ድጋፍ ያገኘ መስሎ ነበር። ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ጉዳዩን እንደገና ሲመረምሩት ግን፣ ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለዩ መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አገኙ። ልዩነቱን የፈጠረው ቀጥቃጮቹ ተገልለው በመካከላቸው ብቻ መጋባታቸው ነው። መናቃቸው ከልዩ ዘር የመጣ ሳይሆን፣ ልዩነታቸው ከመናቃቸው የመጣ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ይሠራል። በቤጌምድር ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል፤ ሽማግሌዎቻችን በኩራት የሚቆጥሩት የዘር መስመርም እነርሱን አላስገባም። እዚህ ላይ ዘር ቆጠራ ራሱ ተከሳሽ ነው። ላብራቶሪው ደግሞ በጥንቃቄ ሲጠየቅ «ባዕድ ነው» የተባለው ወንድም እንደሆነ ሊመሰክር ይችላል፤ በችኮላ ሲጠየቅ ግን የቆየውን ንቀት የሳይንስ ካባ ያለብሰዋል።

በቅርብ ዝምድና በኩል ደግሞ ምርመራው ተወዳዳሪ የለውም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ እስከ ታገደበት ጊዜ ድረስ፣ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ሄደዋል። ከእነዚህ መካከል የተጻፈለት ወረቀት የሚያጠራጥረው ሰው እናቴ ናት ከሚላት ሴት ጋር ቢመረመር፣ እርግጠኛ መልስ ያገኛል፤ በዚህ ስፍራ የሽማግሌ ቃል ምርመራውን አይተካም። ሆኖም ምራቁን የሚልክ ሰው የዘመዶቹንም ምስጢር አብሮ እንደሚልክ ማወቅ አለበት። ከእነዚህ ኩባንያዎች ስመ ጥሩ የሆነው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ በሌቦች እጅ ገብቶበት፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርቧል።

በመጨረሻም ምርመራው ፈጽሞ የማያየው ዝምድና አለ። የጡት ልጅና የክርስትና ልጅ በልማዳችን ወገን ናቸው፤ የክርስትና ዝምድናም እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። ላብራቶሪው እነዚህን ባዕድ ይላቸዋል፤ ልቅሶ ላይ ግን ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው። ላብራቶሪው በቅርቡ ይበረታል፣ በሩቁ ይደክማል፤ ሽማግሌው ስምን፣ ቦታንና ግዴታን ይዞ ሩቅ ይሄዳል፣ ነገር ግን ጥቅምና ንቀት ያጣምሙታል። አንዱ በሌላው ፋንታ ሊቆም አይችልም። አሳሳቢው ነገር ጊዜው ነው። ብልቃጡ የዛሬ ሃያ ዓመትም ይገኛል፤ በርስት ዘመን ሙግት ቆመው የቆጠሩት ሰዎች ግን በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆናቸው እንኳ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እነርሱ ካለፉ በኋላ የትኛውም መሣሪያ ስሞቹን ከምራቅ ውስጥ አያወጣቸውም።

ስለዚህ የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ወደ የአገራቸው ሲመለሱ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሽማግሌና ከአንዲት አሮጊት ቢያንስ ሰባት ቤት ቆጠራ እየጻፈ እንዲያመጣ አሳብ አቀርባለሁ። አጻጻፉም የአባትን መስመር ብቻ ሳይሆን የእናትንም ያካትት፤ ስሙን ከነቦታው ይያዝ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሲለያዩ ሁለቱንም ቃል ሳያስታርቅ ይመዝግብ፤ ከቆጠራው ስለ ቀሩት፣ ማለት ስለ ቀጥቃጩና ስለ ፋቂው ቤተ ሰብም ይጠይቅ። መምህራኖቻችን ለዚህ ሥራ አንድ መጠይቅና አንድ መደርደሪያ ቢያዘጋጁልን፣ በመጪው ክረምት ከመካነ ኢየሱስ ለመጀመር ይቻላል።