መርፌው ሳይወርድ

የወንድሜ ልጅ ከአገር ቤት፣ ከሮቢት ደውሎ በቪዲዮ ሲያየኝ፣ «ጋሼ፣ ጋዝ እያለ ከዚህ ሁሉ ጭስ ጋር ምን ያታግልዎታል?» አለኝ። ጓሮዬ ውስጥ በዘረጋሁት 45 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ በድንጋይ ከሰል የምትሠራ ትንሿን የእንፋሎት ባቡሬን እየነዳሁ ነበር። እዚህ እንግሊዝ አገር ያሉ የባቡር ክለብ ጓደኞቼም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። እነሱ የጋዙን ቫልቭ ከፍተው ክብሪት ይጭራሉ፤ ባቡሯ ብቻዋን ስትዞር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ይጠጡ!

ክርክሩ የቆየ ነው። ኤል ቢ ኤስ ሲ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 «አየሻ» የተባለች ሎኮሞቲቩን ለንደን ላይ በአልኮል ከምትነድ ባላንጣ ጋር አጋጥሞ፣ ትንሽ ቦይለር በድንጋይ ከሰል ሰው እንደሚያስጎትት አሳይቷል። ለእኔ ነገሩ ያኔ ተቆርጧል።

አዲስ ገቢ ግን ዓይኑን ከግፊት መለኪያው አይነቅልም። የምጣላውም እዚህ ላይ ነው። መርፌው የሚነግርህ ያለፈውን ነው። መውረድ ከጀመረ በኋላ ከሰል ብትጨምር፣ አዲሱ ከሰል እስኪግል ድረስ የነበረውን ሙቀት ይጠጣል፤ ደንግጠህ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመርክበትማ አለቀልህ። ትልቁ ሎኮሞቲቭ ስህተትህን ይችልልሃል፣ ትንሿ አትችልም። ልኳ በግማሽ ሲያንስ ሙቀት የሚያፈስሰው ገጿ ወደ ሩብ፣ ሙቀት የሚይዘው ሆዷ ግን ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ መርፌው ገና ሳይነቃነቅ። የአገሬ የቆቦ ገበሬም የሆርማት ወንዝን ጎርፍ ለመጥለፍ ቦዩን የሚጠርገው ደመናው ገና ተራራው ላይ ሳለ ነው።

እሳቱን የሚስበው ደግሞ ከሲሊንደሩ በጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎት ነው። ባቡሯ ስትቆም እሱም ይቆማል። እንፋሎቱን ከመዝጋትህ በፊት የማራገቢያውን ቫልቭ ክፈት፤ አለዚያ ነበልባሉ በእሳት ሳጥኑ በር ወደ ጣትህ ይመለሳል።

ሮቢት ሳድግ ባቡር አላየሁም። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ እኛ ዝር አላለም። የማውቀው ሞተር የወፍጮ ቤቱን ናፍጣ፣ የማውቀው እሳት እናቴ ለቡና የምታያይዘውን ከሰል ነበር። እሷ ፍሙን በድምፁ ታውቀዋለች፤ እየተንጣጣ ጀበና አትጥድም። እንግሊዝኛዬ ባልሞላበት ዘመን ከክለባችን ሽማግሌዎች ጋር ያግባባኝ ከእሷ የወረስኩት ይኸው ጆሮ ነው። ፈገግ ብለው አካፋውን ሲሰጡኝ ሰው ሆንኩ።

ለወንድሜ ልጅ ያልኩት ይህን ነው፦ ባቡር ሲሄድ ማየት ብቻ ካማረህ የጋዙን ግዛ፣ በዋጋም ይቀላል። መንዳት ካማረህ ከሰል ነው። ውሃውን ግን የዝናብ አድርገው፤ የቧንቧ ውሃ ኖራው ቦይለሩን ይደፍነዋል።