ከአዞው ጋር ብቻ ያወራ ተጓዥ

ስለ አርባ ምንጭ የተጻፈ አንድ የጉዞ ማስታወሻ ያነበበ ሰው ሁሉንም አንብቧል ማለት ይቻላል። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ ተነስቶ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሲቀላ ወይም ሴቻ አልጋ ይይዛል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን ይመለከታል፤ አንዱ ደፍርሶ የቀላ፣ ሌላው ጠርቶ ሰማያዊ። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» ተጋድሟል። ከዚያ ጀልባ፣ አዞ ገበያ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የነጭ ሳር የሜዳ አህያ ይከተላሉ። መደምደሚያው ሁልጊዜ «ምድራዊ ገነት» ነው።

ይህን የምለው በሰው ለመሳቅ አይደለም። ከነዚህ ማስታወሻዎች አንዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

የምኖረው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አጠገብ ነው። ጎረቤቶቼ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ጽሑፌ እንደወጣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ መጽሔቱን ይዤ ሄድኩ። አንድ አዛውንት እግራቸውን ከጉድጓዱ ሳያወጡ፣ ልጃቸው ሲያነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «ጥሩ ነው ልጄ። ግን ከአዞው ጋር ብቻ ነው እንዴ ያወራኸው?» አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ ሂስ እስከ ዛሬ አልደረሰብኝም። ጽሑፌን በዚያ ዓይን መልሼ ሳነበው ሦስት ጉድለት አገኘሁበት።

አንደኛው፣ ከተማዋን ከሐይቁ ጋር አብራ የተፈጠረች አስመስያታለሁ። አርባ ምንጭ ግን በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ልጅ እግር ከተማ ናት። እስከ ኬንያ ወሰን ይዘልቅ የነበረው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ ብርዳማዋ ጨንቻ ነበረች። መንግሥት ከደጋው ወደ ቆላው፣ ከጉሙ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ከላይ የቀረው ሰው ምን ሆነ? ይህን የጠየቀ ተጓዥ ብዙ አላነበብኩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው፣ ሰዉን የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አድርጌዋለሁ። የዶርዜ ቤት ዝሆን ይመስላል ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያ ከቀርከሃ የተሠራ ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው ዓመት በዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። መሬት የጠበበው የደጋ ሰው መወርወሪያውን ይዞ እስከ ሽሮ ሜዳ የሚሰደደው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ በር አልነበረም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፎቶግራፍ አነሳሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይሏል ይህ ነው።

እኔ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነበር። በዚያው ከተማ መንገድ ተራምጃለሁ። በጽሑፌ ግን ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ለምን? ሐዘን ጎብኚን ያስደነግጣል ብዬ ነው። ሟቾቹ ግን ከኔ መንደር የማይርቅ መንደር ሰዎች፣ የጎረቤቶቼ ዘመዶች ነበሩ። ለቅሶ የተቀመጡበትን ቤት አውቀዋለሁ። እንግዲህ ያን ጽሑፍ ለእነርሱ ይዤ መሄዴን አስቡት!

ውበትን ማድነቅ ኃጢአት ነው አልልም። ሁለቱን ሐይቆች ከአፋፉ አይቶ ያልተገረመ ሰው ዓይኑን ይመርመር። ጎብኚው የሚያወጣው ገንዘብም ለጀልባ ቀዛፊውና ለአስጎብኚው እንጀራ ነው። ችግሩ ከአድናቆቱ ላይ አይደለም፤ ጸሐፊው አድንቆ ሲያበቃ ሥራውን የጨረሰ መምሰሉ ላይ ነው። ድር ብቻውን ነጠላ አይሆንም፤ ማግ ይፈልጋል።

በቅርቡ ተመልሼ ልሄድ ነው። አዛውንቱ ጨንቻ ላለው ወንድማቸው የሚሰጥ ጋቢ አስይዘውኛል። መጀመሪያ የማንኳኳው የእርሱን በር ነው። አዞው ይቆየኛል።