ዕቁብና ውርርድ፤ «ጋላቢው ሻለቃ» ስለ ተባለው ፊልም

የቆየ አስቂኝ ፊልም ዛሬ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሣቁ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር የተሠራው «ጋላቢው ሻለቃ» ግን ጥያ ተቀምጠን ስናየው እንግዳ አልሆነብንም።

በሎንዶን የቤት እንስሳት የሚሸጥ አንድ ሻለቃ የእሽቅድምድም ፈረስ ይመኛል፤ ብቻውን ስለማይችል የሰፈሩን ሰዎች ገንዘብ በድርሻ አሰባስቦ ከጨረታ ይገባል፤ በስሕተትም ያላሰበውን ፈረስ ገዝቶ ይመለሳል። ፈረሱ በሜዳ ሩጫ የማይረባ ቢሆንም መሰናክል መዝለል እንደሚችል ስለ ታወቀ፥ ግራንድ ናሽናል ወደ ተባለው ታላቅ ውድድር ይቀርባል።

ሻለቃውን ሆኖ የሚጫወተው ባዚል ራድፎርድ ነው። ይህ ተዋናይ ራሱ አይሥቅም፤ ነገሩ እየተበላሸ በሄደ መጠን እርሱ እየኰራ ይሄዳል፤ ሣቃችንም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። አዘጋጁ ሄንሪ ኮርኒሊየስ ከሁለት ዓመት በፊት በሠራው በሌላው ፊልሙ አንድ የሎንዶን ሰፈር ራሱን ከመንግሥት ለይቶ ነጻ አገር ነኝ ሲል አሳይቷልና፥ የጎረቤትን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል።

በርዕሱ የሰው ማዕረግ ከፈረስ ግልቢያ ጋር መጣመሩም ደስ አሰኝቶናል። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው መባላቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ጎረቤቶቹ ገንዘብ ሲያዋጡ ያየ የሶዶ ሰው ወይም የቡታጅራ ነጋዴ «ይህስ ዕቁብ ነው» ማለቱ አይቀርም። እኛም ብለን ነበር፤ ነገር ግን ተሳስተናል። በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው እንኳ የጣለውን ሙሉውን ያገኛል። በውርርድ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሣራ ነው። ፊልሙ ሰዎቹን እንደ ዕቁብተኛ ሰብስቦ እንደ ተወራራጅ ያሰልፋቸዋል፤ ሻለቃው በጎረቤት ገንዘብ ላይ የሠራውን ስሕተትም ዕድል እንዲያቃናው ይተዋል። የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምንለው ሣቅ ጠልተን አይደለም። በቅርብ ዓመታት በየከተማው በተከፈቱት የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች ወጣቶች ደመወዛቸውን፥ አንዳንዶቹም የትምህርት ቤት ወጪያቸውን ይዘው ሲገቡ አይተናል። የሻለቃው ጎረቤቶች ቢከስሩ አብረው ነው፤ ስለዚህ መሣቅ ይችላሉ። ቲኬቱን ቀድዶ ከበሩ የሚወጣው ልጅ ግን ብቻውን ነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ንግግሩም ፈጣን ነው። ለተማሪዎች የሚያሳዩ መምህራን ጨረታው ላይ ሲደርሱ ጥቂት አቁመው፥ «ገንዘቡ የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለናል።