ቃልን ከነሥሩ ማስተማር

በወልቂጤም በቡታጅራም ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ይማራል። የማያውቀው ቃል ሲበዛበት በደብተሩ ጀርባ እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ ደርድሮ ይሸመድዳል። እንዲህ የተያዘ ቃል ከፈተና አያልፍም።

እኔ ቃል ሳስተምር ሦስት ጥያቄ አስጠይቃለሁ፦ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይውላል? የምጀምረውም ከእኛው ጓሮ ወደ እንግሊዝኛ በተሻገረው ቃል፣ በእንሰት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተክሉን ከነሥዕሉ ሲያስተዋውቅ የአገሩን ስም እንደያዘ «ኤንሴቴ» አለው። ዛሬ ሳይንሳዊ ስሙ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም» ነው። ሁለተኛው ቃል ላቲን ሲሆን ሆዱ የተነፋ ማለት ነው፤ ከታች የሚወፍረውን ግንድ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ቤቱ «ኧሰት» ሲባል ያደገውም የጉራጊኛው ስም የእንሰት ዘመድ መሆኑን ያስተውላል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉራጊኛ ሥርወ ቃል መዝገብ እንዲህ ያለውን ዝምድና ነው የሚከታተለው።

ወደ ፍቺው ስንመጣ፣ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ፎልስ ባናና»፣ ሐሰተኛ ሙዝ ይለዋል። ይህ መልኩን እንጂ ጥቅሙን አይነግርም፤ የሙዝ ፍሬው ይበላል፣ ከእንሰት ግን የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አሚቾው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሙዝን ሳይጠሩ ራሳቸው በእንግሊዝኛ እንዲፈቱት አዛቸዋለሁ። እናቶቻቸው እንሰት ሲፍቁ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ ሲያብላሉ ስላዩ የሚጎድላቸው ግሱ ብቻ ነው፦ «ስክሬፕ»፣ «በሪ»፣ «ፈርመንት»። የመጨረሻው በባዮሎጂ መጽሐፋቸው «ፈርመንቴሽን» ሆኖ ሲመጣ ባዳ አይሆንባቸውም። አጠቃቀሙንም እዚያው ይለያሉ፦ «ኤንሰት» የሰብሉ ስም ሲሆን አይቆጠርም፤ መቁጠር ሲያስፈልግ «ኤንሰት ፕላንትስ» ይባላል።

ከዚያ መንገዱ ለሌላውም ቃል ይሠራል። «ፎቶሲንተሲስ» ሲያስፈራቸው «ፎቶ» በግሪክ ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማቀናጀት መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ተክል በብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ ከስሙ ያነባሉ።

አንድን ቃል እንዲህ መያዝ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ የመማሪያ መጽሐፉም ረጅም ነው። ሆኖም ቃሉን ሁሉ እኔ አስተምሬ አልጨርሰውም። ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ የለመደ ተማሪ ግን የቀረውን በየትምህርቱ ራሱ ይማረዋል።