ሰማዩን ለጊዜው ተዉት

ከሚሄድ መኪና መስኮት የተነሳ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ስናይ ዓይናችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ቀለሙ ግን ስለ አንሺው ሙያ ብዙም አይነግረንም። ከሱሉልታ ሜዳ ማዶ ሰማዩ ሲቀላ፣ በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ሆኖ ስልኩን ላወጣ ሁሉ እኩል ነው የሚቀላው። የአንሺው ውሳኔ ያለው ታች ነው፤ ሣሩ፣ አጥሩና ምሰሶው ባሉበት፣ የመኪናው መንቀሳቀስ አሻራውን በሚተውበት ቦታ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፎቶ ከታች ወደ ላይ መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ከመርከብ ላይ ባሕርን የሚያነሳ ሰው ፊቱ ቅርብ ነገር የለም፤ መርከቡ ቢጓዝም አድማሱ የቆመ ያህል ነው፤ የሚያስቸግረው መናጡና የሞተሩ ንዝረት ነው። በጎጃም መንገድ ሱሉልታን የሚያቋርጥ ሰው ፈተናው ሌላ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ1/1000 ሰከንድ ግን 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመስከረም የመንገዱ ዳር አደይ አበባ በመጀመሪያው የካሜራ ፍጥነት ሲነሳ ቢጫ ጅረት ሆኖ ይፈሳል፤ በሁለተኛው አበባው አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያል። ሁለቱም ያምራሉ። የሚያስወቅሰው መሃል ላይ መቅረት ነው፦ አበባው አልፈሰሰም፣ አልጠራምም። የማዶው ጋራ ጭምር ብዥ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የመኪናው ፍጥነት አይደለም። ሩቅ ያለ ጋራ በዚያች ቅጽበት ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ የተንቀጠቀጠው ካሜራው ነው።

ቀጥሎ መዝመሙን መመርመር ነው። ባሕር ላይ አድማሱ ራሱ ውኃ ልክ ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ግን ያታልላል፤ ከተመልካቹ እየራቀ የሚሄድ ዳርቻ ካሜራው ቀጥ ብሎ እንኳ ያዘመመ ይመስላል። ብዙዎች ዳርቻውን አግድም ለማድረግ ሲሉ ፎቶውን ያዞሩና ደህናውን ያበላሹታል። አስተማማኙ ምስክር ውኃው ላይ ያረፈው የፀሐይ ነጸብራቅ ነው፤ ሁልጊዜ ከፀሐይዋ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳልና። የወረቀት ጠርዝ ከፀሐይዋ እስከ ነጸብራቁ ቢያስቀምጡና ከፎቶው ጎን ጋር ትይዩ ቢሄድ፣ ፀሐይዋ ወደ ጎኑ ብዙ እስካልተጠጋች ድረስ ፎቶው አልዘመመም። ምሰሶዎችም ይመሰክራሉ። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ መኪናው ሲከንፍ ቅርብ ያለው ምሰሶ ጋደል ብሎ ይወጣል፤ ሩቁ ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ሁለቱም ከጋደሉ የጋደለው ካሜራው ነው። የቅርቡ ምሰሶ መጋደል ብቻውን እኔን አያስከፋኝም፤ የጉዞው ምልክት ነው።

«ታዲያ ለምን ወርዶ አያነሳም?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የቆመ ሰው የተረጋጋ ፎቶ ያገኛል። በእኛ ሰማይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ክቧ አድማሱን ከነካች በኋላ ከ2 ደቂቃ ብዙም ሳታልፍ ትጠልቃለች፤ ሾፌሩን «ወራጅ አለ» ብለው እስኪወርዱ ደግሞ ጊዜው አለቀ። ዋናው መልሴ ግን ይህ አይደለም። ቅርቡ እየሸሸ ሩቁ ሲቆም የሚፈጠረውን ልዩነት የቆመ ሰው አያገኘውም፤ ይህ ልዩነት የሌለበት የመኪና ፎቶ ከሆነ ግን ተቃዋሚው ረትቷል፣ ወርዶ ማንሳት ነበረበት።

ሌላው ተቃውሞ «ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ በተከታታይ ያነሳቸውን ምስሎች አንድ ያደርጋል፤ ሩቁ ላይ ይሳካለታል፣ ቅርቡ ላይ ይሰናከላል። የአጥሩን ሽቦ አጉልታችሁ ብታዩ አንዱ ሽቦ ሁለት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብርሃን ላይም ያው ነው። ሰበታ ላይ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚነሳው ወጨጫ ፀሐይዋን ሲጋርድ፣ ወደ እኛ የዞረው የተራራው ፊት ጥላ ውስጥ ነው፤ መጥቆርም አለበት። ሰማዩ ቀልቶ ሳለ እያንዳንዱ ዛፍ እንደ ቀትር አረንጓዴ ሆኖ ከታየ፣ ያ ብርሃን በኋላ ከስልኩ የተጨመረ ነው።